መልቀቂያ ደብዳቤው ይቆይ፦ ሥራ ለመቀየር ቴራፒዩቲክ ኮቺንግ እንዴት ይሠራል

ሥራ መቀየር እየፈለገ ዓመታት የቆመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መረጃ ሞልቶታል። ሲቪው ተዘጋጅቷል፣ ኮርሱ የት እንደሚሰጥ ያውቃል፣ የክፍት ሥራ ማስታወቂያዎች ስልኩ ላይ ተከማችተዋል። ተጨማሪ መረጃ የሚሰጥ የሙያ አማካሪ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳውም። ቴራፒዩቲክ ኮቺንግ የሚያግዘው ይህን ዓይነቱን ሰው ነው። ከሥነ ልቦና ሕክምና፣ በተለይም የአሜሪካው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከጀመረው ሲቢቲ (ሐሳብንና ባህሪን እየፈተሸ ከሚቀይረው ሕክምና)፣ መሣሪያ ይዋስና ለአንድ የተወሰነ የሥራ ውሳኔ ያውለዋል።

ምሳሌ እንያዝ፦ 8 ዓመት ባንክ ያገለገለች፣ አሁን ብድር ክፍል ያለች፣ ወደ ዳታ ትንተና መሻገር የምትፈልግ ሴት።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ስለ ሥራ ብዙ ባይወራ ይሻላል። ድባቴ መኖር አለመኖሩ ይታይ። ፒኤችኪው-9 የሚባለው መጠይቅ በአማርኛ አለ፤ ስላለፉት 2 ሳምንታት 9 ጥያቄ ይጠይቃል፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ ከ27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ የሥራው ውሳኔ ይቆይና ሐኪም ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይያት። 9ኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው፤ እዚያ ላይ ከ0 ሌላ መልስ ካለ ድምሩ ምንም ይሁን ምን በዚያው ቀን ወደ ባለሙያ ትላካለች። ድባቴ ያለበት ሰው ሁሉም ነገር ያስጠላዋል፤ ሥራውን የጠላ ይመስለውና ይለቃል፣ ከጥቂት ወር በኋላ አዲሱንም እንዲሁ ይጠላዋል።

ቀጥሎ የ10 የሥራ ቀን መዝገብ ትይዛለች። ማታ ማታ 5 ደቂቃ፣ የቀኑ 3 ዋና ሥራዎች፣ ለእያንዳንዱ ከ−2 (በጣም ያስጠላ) እስከ +2 (በጣም ደስ ያሰኘ) ነጥብ። «ማክሰኞ፦ የብድር ፋይል ማጣራት +1፤ ላልከፈሉ ደንበኞች መደወል −2፤ የወሩን ሪፖርት በኤክሴል ማውጣት +2።» −2ቶቹ ሁሉ አንድ አለቃ ባለበት ስብሰባ ላይ ከተከማቹ የሚቀየረው ቅርንጫፉ ነው፣ ዝውውር መጠየቅ ሊበቃ ይችላል። ሳምንቱን በሙሉ ዓርብ ማታ ቁጭ ብሎ መሙላት ግን መዝገቡን ያበላሸዋል፤ አምስቱም ቀን የዓርቡን ስሜት ይይዛል።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። «ባንክ ብለቅ ሰው ምን ይለኛል» የሚለውን ፍርሃት መፈተሽ አይቻልም። ኮቹ «ማን? ምን ብሎ? መቼ?» እያለ ሊፈተሽ ወደሚችል ትንበያ ያጠብበዋል፦ «አክስቴ ስትሰማ ‹አብደሻል› ትለኛለች፣ በዚያው ቀን ለእናቴ ትደውላለች።» ይህን ከ100 ስንት ታምኚዋለሽ? 85። ቁጥሩ ይጻፋል፣ ቀኑም ይጻፋል። ከዚያ ትንሽ ሙከራ፦ በዚህ ሳምንት ቡና ላይ ለአክስቷ ትነግራታለች። መልቀቋን ግን አትነግራትም፤ የማታ ኮርስ መጀመሯንና ሥራ ለመቀየር እያሰበች መሆኑን ብቻ። አክስቷ ያለችው ቃል በቃል በዚያው ምሽት ይመዘገባል፣ 85ም እንደገና ይመዘናል። አክስቷ እውነትም «አብደሻል» ብትልስ? እሱም ውጤት ነው፤ ቀጣዩ ጥያቄ «ኩርፊያው ስንት ቀን ቆየ? አንቺስ ምን አደረግሽ?» ይሆናል።

ሙከራ የሚከሽፍባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ትንበያው ቀድሞ ካልተጻፈ ሰው ከውጤቱ በኋላ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ይላል፣ ምንም አይማርም። በጣም የሚያታልለው ግን ነገሩን እየሳቁ፣ «እንዲያው ነው» እያሉ መናገር ነው። አክስቷ ባትቆጣ እንኳ «ቀልድ ስለመሰላት ነው» የሚል ማምለጫ ይገኛል፣ ፍርሃቱም ባለበት ይቆያል። ሙከራው ከመጠን በላይ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ጨርሶ አይደረግም። በ7 ቀን የማያልቅ ወይም ወደ ኋላ የማይመለስ ነገር ለሙከራ አይሆንም። «ዳታ አልችልም» ለሚለው ፍርሃትም መንገዱ ያው ነው፦ በይነመረብ ላይ በነፃ የሚገኝ አንድ ዳታ፣ የ6 ሰዓት ሥራ በአንድ ቅዳሜና እሑድ፣ ከዚያ በሙያው ላይ ላለ ሰው ማሳየት።

ስለ ገንዘብ የማይጠይቅ ኮች ግማሹን ፍርሃት ሳይነካው ያልፋል። ቁጥር የሌለው ጭንቀት ማበጥ ይወዳል። የወሩ ግዴታ ወጪ ይደመር፦ ኪራይ፣ ቀለብ፣ ትራንስፖርት፣ ለወላጅ የሚላከው፣ ዕጣው ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ ገና የሚከፈለው እቁብ። ድምሩ በ6 ይባዛ፤ ያለ ደመወዝ 6 ወር ለመቆየት የሚያስፈልገው ይህ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ያዛል። ለጡረታ ያልበቃ፣ ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለና የሥልጠና ውል ግዴታ የሌለበት ሰው በፈቃዱ ሲለቅ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ። ለ8 ዓመት 30 እና 7 ጊዜ 10፣ በድምሩ የ100 ቀን ደመወዝ፣ ግብር ሳይቀነስ። የሠራተኛ ብድር ካለባት ግን ውሉን አስቀድማ ታንብበው፤ ስትለቅ ወለዱ ከፍ ሊል ወይም ቀሪው ዕዳ በአንድ ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም።

ከቤተሰብ ጋር የሚደረገው ንግግር ጮክ ተብሎ ይለማመዱታል፣ ኮቹ አባትን ሆኖ፣ በጣም ከባዱን መልስ እየመለሰ፣ ቢያንስ 2 ጊዜ። «ሕይወቴ የራሴ ነው» ብላ እንድትናገር የሚያለማምድ ኮች የት አገር እንደሚሠራ የረሳ ይመስለኛል። «አባባ፣ እርስዎን ሳላማክር አላደርገውም፤ የቆጠብኩትንም፣ የምፈራውንም ይዤ መጥቻለሁ» የሚለው አክብሮቱንም ውሳኔውንም ይይዛል። ጸሎትና የንስሐ አባት ምክርም ከዚህ ሥራ ጋር አይጋጩም፤ ተዪው የሚል ኮች ካለ መተው ያለበት እሱ ነው።

ኮች የሚለውን ስም ማንም መለጠፍ ስለሚችል ሥልጠናውን መጠየቅ ነውር የለውም። አይሲኤፍ የተባለው ዓለም አቀፍ የኮቾች ፌዴሬሽን ለመጀመሪያው ደረጃ፣ ለኤሲሲ፣ ቢያንስ የ60 ሰዓት ሥልጠናና የ100 ሰዓት የኮቺንግ ልምድ ይጠይቃል፤ ለቀጣዩ ደረጃ፣ ለፒሲሲ፣ 125 እና 500። ይህ ግን የኮቺንጉን ወገን ብቻ ያሳያል። «ቴራፒዩቲክ» ለሚለው ቃል የሥነ ልቦና ወይም የምክር አገልግሎት ትምህርት ሊኖር ይገባል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲመጣ ወደ ማን እንደሚልክም በስም ማወቅ አለበት። አሜሪካ ላለ ሰው የቴራፒስት ፈቃድ በየስቴቱ የሚሰጥ ነው፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ የሚሠራ ኮች ኮቺንግ ሊሰጥ ይችላል፣ ሕክምና ግን አይደለም።

በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየ15 ቀኑ፣ በጠቅላላው ከ6 እስከ 10 ቀጠሮ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። 4ኛው ቀጠሮ አልፎ ከቢሮው ውጭ የተደረገ አንድ ሙከራ እንኳ ከሌለ ለምን እንደሆነ በግልጽ ይጠየቅ። መልሱ «ገና እየተዋወቅን ነው» ከሆነ ገንዘቡን ለኮርሱ ማዋል ይሻላል።