ለትዳር ቪዛ ቃለ መጠይቅ የተዘጋጀሁበት መንገድ

ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጋ ናት፤ እኔ ግን ከአሜሪካ ውጭ ስለምኖር ጉዳያችን ያለቀው በኤምባሲ ነው። እሷ እኔን ለማስመጣት የሚቀርበውን አይ-130 የተባለ ፔቲሽን (የቤተሰብ ጥያቄ) ለአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት አስገባች። ከጸደቀ በኋላ ፋይሉ በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ፖርትስመዝ ከተማ ወደሚገኘው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ተላለፈ፤ ሰነዶቻችን ተሟልተዋል ሲባልም ለቃለ መጠይቅ ተቀጠርኩ። የዜጋ የትዳር ጓደኛ፣ ያላገባና ከ21 ዓመት በታች የሆነ የዜጋ ልጅ እንዲሁም የዜጋ ወላጅ በዓመታዊ ኮታ ስለማይገደቡ፣ ተራ የደረሳቸውን ለማሳወቅ በየወሩ የሚወጣውን የቪዛ ቡለቲን መጠበቅ አላስፈለገንም። በእህት ወይም በወንድም በኩል ለሚጠብቅ ሰው መንገዱ እጅግ ይረዝማል፤ ስለ ቃለ መጠይቁ ዝግጅት የምጽፈው ግን አብዛኛው ለእርሱም ይሠራል።

ቀጠሮዬን የሰሙ ሁሉ የሚልኩልኝ የጥያቄ ዝርዝር ነበር። እንዲህ ሲጠየቅ እንዲህ በል የሚሉት ምክሮች በቅንነት የተሰጡ ቢሆኑም፣ እኔ ግን ጊዜዬን ለሌላ ነገር ማዋል መረጥኩ። የቆንስላው ኦፊሰር ስለ እኔ የሚያውቀው በፋይሌ ውስጥ የተጻፈውን ነው፤ የሚጠይቀኝም ከዚያው ተነሥቶ ነው። ስለዚህ ያስገባነውን ሁሉ አትሜ፣ አይ-130ን፣ አብሮት የሚገባውን የትዳር ጓደኛ መረጃ ፎርም አይ-130ኤን፣ የኢሚግራንት ቪዛ ማመልከቻ የሆነውን ዲኤስ-260ን እና ቀደም ሲል ለጉብኝት ቪዛ የሞላሁትን ፎርም ጎን ለጎን ዘርግቼ እንደማላውቀው ሰው ፋይል አነበብኳቸው። ከዝግጅቱ ሁሉ በጣም የጠቀመኝ ይህ ነው።

አይ-130ኤ ያለፉትን አምስት ዓመታት አድራሻ ብቻ ሲጠይቅ፣ ዲኤስ-260 ከ16 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ የተኖረበትን ሁሉ ይጠይቃል። በሁለቱ መካከል የወራት ልዩነት በቀላሉ ይፈጠራል፤ ሥራ የተጀመረበትና የተለቀቀበት ቀንም እንዲሁ። የእናቴ ስም በልደት የምስክር ወረቀቴ ትርጉም ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በፎርሙ ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፎ ስላገኘሁት፣ ከፓስፖርት ላይ ካለው አጻጻፍ ጋር እንዲገጥም ሰነዱን እንደገና አስተረጎምኩ። እንዲህ ያለ ልዩነት ብቻውን ቪዛ ያስከለክላል ብዬ አላምንም። ነገር ግን መስኮቱ ፊት ቆሞ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማትና አስቀድሞ አውቆ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የተለያዩ ናቸው።

የጉብኝት ቪዛ ተጠይቆ ከተከለከለ ያ መዝገብ ይኖራል። እኔም ከዓመታት በፊት 214(ቢ) በተባለው አንቀጽ ተከልክዬ ስለነበር፣ ያ ውሳኔ አሁን ይከተለኝ ይሆን የሚል ስጋት ነበረኝ። ሕጉን ሳነብ ግን ስጋቱ ቀለለልኝ፤ ያ አንቀጽ ወደ አገሩ የመመለስ ሐሳቡን ማሳየት ያለበትን ጊዜያዊ ተጓዥ የሚመለከት በመሆኑ፣ ለመኖር የሚሄድ ሰው ቤትና ንብረት ቆጥሮ እመለሳለሁ ማለት አይጠበቅበትም። ከአሮጌው ማመልከቻ የሚተርፈው እዚያ የተጻፈው መረጃ ነው። ያኔ ያላገባሁ ነኝ ያለ ሰው፣ በዚያው ዘመን ያገባ መሆኑ በአዲሱ ፎርም ላይ ከታየ ጥያቄው አይቀርለትም።

የግንኙነታችንን ማስረጃ ስመርጥ የያዝኩት መመዘኛ አንድ ብቻ ነበር፦ ይህ ወረቀት ቪዛ ባይኖርም ይገኝ ነበርን? እሷ እኔ ወዳለሁበት ስትመጣ በፓስፖርቷ ላይ የተመታው ማኅተም፣ የአውሮፕላን ትኬቶች፣ ገንዘብ የተላላክንባቸው ደረሰኞች፣ በሥራ ቦታዋ የሕይወት መድን ተጠቃሚ አድርጋ የመዘገበችኝ ሰነድ ይህን መመዘኛ አለፉ። ወዳጆች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተራ በተራ የጻፉትን የምስክርነት ደብዳቤ ብዙም አልተመካሁበትም። የስልክ መልእክቶቻችንን በሙሉ ከማተም ይልቅ ከተለያዩ ዓመታት ጥቂት ገጾችን ወሰድኩ፤ ፎቶዎቹንም ከሁለታችንም ቤተሰብ ጋር የተነሣናቸውን መርጬ፣ ከጀርባቸው ቀኑን፣ ቦታውንና የሰዎቹን ማንነት ጻፍኩ። ኦፊሰሩ ወፍራም ክምር የመፈተሽ ጊዜ የለውም፤ የሚፈልገውን ሰነድ ወዲያው ማውጣት የሚችል አመልካች ግን ሥራውን ያቀልለታል።

እያንዳንዱ ጋብቻ ጥያቄ የሚያስነሣ ቦታ አለው፤ የዕድሜ ልዩነት፣ አጭር ትውውቅ፣ የቀድሞ ትዳር ሊሆን ይችላል። በእኛ ትዳር ጥያቄ የሚያስነሣው ባለቤቴ ከእኔ በፊት አግብታ መፋታቷ ነበር። የፍቺው ውሳኔ ከፔቲሽኑ ጋር ቢገባም፣ ፍቺው የጸናበትን፣ እኛ የተዋወቅንበትን፣ በአካል የተገናኘንበትንና የተጋባንበትን ጊዜ በአንድ ገጽ ላይ በቅደም ተከተል አስፍረን ሁለታችንም ያዝነው። ሰዎች ደካማ ጎናቸውን ማንም አያየውም ብለው ተስፋ ያደርጋሉ፤ እኔ ግን ጥያቄው የሚጀምረው ከዚያ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ እንዳሰብኩትም ሆነ።

ከባለቤቴ ጋር ያደረግነው ልምምድ መልስ የማጥናት አልነበረም። የጥርስ ብሩሿን ቀለም አጥና ያለኝ ወዳጅም አለ፤ ለሳቅ ያህል ጠየቅኋት፤ እሷም አታስታውሰውም። ይልቁንስ ተራርቀን በመኖራችን ያልተነጋገርንባቸውን የኑሮ ጉዳዮች በስልክ አነሣን፦ በየትኛው ፈረቃ እንደምትሠራ፣ የቤት ኪራይዋን፣ አብረዋት የሚኖሩትን ሰዎች፣ እኔ ስደርስ የት እንደምንኖር። ለባልና ሚስት እነዚህን ማወቅ ከቪዛውም በላይ ያስፈልጋል። የማላስታውሰውን ነገር ሲጠይቁኝ አላስታውስም ልል ወሰንኩ፤ ምክንያቱም ትክክለኛ ቀን መርሳት የሚያስከትለው ተጨማሪ ጥያቄ ነው፤ ሆን ተብሎ የተነገረ ጉልህ ሐሰት ግን በኢሚግሬሽን ሕጉ 212(ኤ)(6)(ሲ) መሠረት ዕድሜ ልክ የሚቆይ ክልከላ ያመጣል፤ በአንዳንድ ሁኔታዎች ይቅርታ ሊጠየቅበት ቢቻልም መንገዱ አስቸጋሪ ነው። ጋብቻው ለወረቀት የተፈጸመ ነው ተብሎ ከተረጋገጠ ደግሞ ወደፊት የሚቀርብ ፔቲሽን እንኳ አይጸድቅም።

ብዙ ጉዳይ የሚጓተተው በፍቅር ማስረጃ ሳይሆን በገንዘብ ሰነድ ይመስለኛል። አይ-864 የተባለው የስፖንሰር ቃል ኪዳን ፔቲሽኑን ያስገባችው የባለቤቴ ገቢ ለቤተሰቧ ቁጥር ከተቀመጠው የፌዴራል የድህነት መመዘኛ ቢያንስ 125 በመቶ እንዲሆን ያዛል፤ በቁጥሩ ውስጥ እሷ፣ በእሷ የሚተዳደሩት እና መጪው ሰው ሁሉ ይገባሉ። ገቢዋ ካልበቃ፣ አሜሪካ የሚኖርና ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ጎልማሳ ተጨማሪ ስፖንሰር ሊሆን ይችላል። ይህን ፊርማ ከዘመድ ስንጠይቅ ሙሉውን መንገር አለብን ባይ ነኝ፦ ግዴታው የሚያበቃው መጪው ሰው ዜግነት ሲያገኝ፣ በሕጉ 40 ሩብ ዓመት (አሥር ዓመት ገደማ) ሥራ ሲቆጠርለት፣ አሜሪካን በቋሚነት ለቆ ሲሄድ ወይም ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ሲሆን፣ ፍቺ እንኳ አያቋርጠውም። የእኛ ቀጠሮ የወደቀው አዲስ የግብር ዓመት ከተዘጋ በኋላ ስለነበር፣ ቀደም ሲል ከላክነው በተጨማሪ የቅርቡን የግብር ትራንስክሪፕት (ከግብር መሥሪያ ቤቱ የሚወጣ የግብር መግለጫ) እና የደመወዝ ወረቀቶች ይዤ ሄድኩ፤ ተቀበሉኝም።

የሲቪል ሰነዶችን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከየአገሩ የሚቀበለውን የልደት፣ የጋብቻና የፖሊስ ማስረጃ ዓይነት በድረ ገጹ ይዘረዝራል፤ ከጓደኛ ከመስማት እርሱን ማየት ይሻላል። ከ16 ዓመት ዕድሜ በኋላ በሌላ አገር 12 ወርና ከዚያ በላይ የኖረ ሰው ከዚያም አገር ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ ማምጣት ስላለበት፣ ይህ ከሁሉ አስቀድሞ ይጀመር። የተላከው ቅጂ ቢሆንም በቀጠሮው ቀን ዋናው ሰነድ ይፈለጋል። የጤና ምርመራው ኤምባሲው በፈቀደለት ሐኪም ዘንድ ብቻ የሚደረግ ሲሆን፣ የክትባት መዝገብ ይዞ መሄድ ወጪ ይቆጥባል፤ የታሸገ ፖስታ ከተሰጠ አይከፈትም።

ቃለ መጠይቁ ራሱ አጭር ነበር። አሻራ ሰጠሁ፣ ቀኝ እጄን አንሥቼ የሞላሁት ሁሉ እውነት መሆኑን ማልኩ፤ ከዚያ የት እንደተዋወቅን፣ ባለቤቴ ከቀድሞ ባሏ መቼ እንደተፋታች፣ እኔ ይህን መቼ እንዳወቅሁ፣ ምን እንደምትሠራና መጨረሻ የተገናኘነው መቼ እንደሆነ ተጠየቅሁ። ቋንቋ የመምረጥ ዕድል ሲሰጠኝ፣ እንግሊዝኛ ብችልም በአማርኛ መለስኩ፤ የሚፈተነው የቋንቋ ችሎታዬ ስላልሆነ በምቾት መናገሩን መረጥኩ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተጠየቅሁትን ብቻ መልሼ ዝም ማለት ከገመትኩት በላይ ከበደኝ፤ ዝምታው ሰውን ያስለፈልፋል።

ቪዛው ጸድቋል ብባልም ሥራዬን ያልለቀቅሁት ፓስፖርቴ ከነቪዛው እጄ እስኪገባ ድረስ ነው። ከመስኮቱ በኋላም የሚቀር ማጣራት ሊኖር ይችላል፤ ብዙዎችም 221(ጂ) የሚል ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። ይህ በሕግ አነጋገር ክልከላ ቢባልም፣ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለ ሰነድ ወይም ያላለቀ ማጣራት አለ ማለት ነው። የተጠየቀው ሰነድ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ግን ማመልከቻውን እንደ አዲስ ማቅረብና መክፈል ይመጣል።

ቪዛው ከደረሰ በኋላ ስሙንና የልደት ቀኑን ወዲያው ማመሳከር፣ የሚያበቃበትን ቀን ማየትና ግሪን ካርዱ የሚታተምበትን የኢሚግራንት ክፍያ ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት መፈጸም ያስፈልጋል። አሜሪካ በሚገባበት ቀን ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው ቪዛው ሲአር-1 የተባለው በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ዓይነት ይሆናል፤ የሚሰጠውም ካርድ የሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ከማብቂያው በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አይ-751 በጋራ ተሞልቶ መግባት አለበት። ያ ፎርም ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ዳግመኛ ስለሚጠይቅ፣ ለኤምባሲው ያዘጋጀሁትን ማኅደር ይዤው ተጓዝኩ፤ የጋራ የባንክ ሒሳባችንንና የቤት ኪራይ ውላችንን እየጨመርኩበት ነው።