ዝናብ ሲመጣ የሚጮኸው መስኮት

ባለጉዳዩ ሽማግሌ ናቸው። መስኮቷ ዝቅ ያለች ስለሆነች ጎንበስ ብለው ቆመዋል። ውስጥ ያለችው ልጅ "ሀጂ፣ የካርታውን ኮፒ!" አለች። አልሰሙም። "ካርታ! ኮፒ!" ብላ ደገመች፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ። ሽማግሌው ቀና አሉና "ልጄ፣ ምን አደረግሁሽና ነው የምትጮኺብኝ?" አሏት። ይህንን ደግሞ እሷ አልሰማችም። የጅማ ዝናብ ከላይ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል።

ይህን ያየሁት ሐምሌ 2015 ነው። ያኔ ከቤትና ከቦታ ፋይል ጋር የሚሠራ አንድ የከተማ መሥሪያ ቤት ውስጥ አዲስ ቡድን መሪ ሆኜ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። ዛሬም እንጀራዬ እዚያው አካባቢ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ ያን ቀን የፈረድኩት በልጅቷ ላይ ነው። "ሥነ ምግባር የላትም" አልኩ በልቤ። ባለጉዳዩም የሚለው ይህንኑ ነው። አለቆቼም ይህንኑ ነው የሚሉት። ስለዚህ አለቃ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሥልጠና አዘጋጀሁ። ጥቅምት 2016 ላይ አንድ ሙሉ ቀን፣ አዳራሽ ተለምኖ፣ ሻይና ቆሎ ቀርቦ፣ ስለ ደንበኛ አያያዝ ተሰበከ። ፈገግታ፣ ሰላምታ፣ ትዕግሥት። ሁሉም አጨበጨበ፣ ሁሉም አበል ላይ ፈረመ።

በሳምንቱ ያችኑ ልጅ "ሥልጠናው እንዴት ነበር?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ጥሩ ነበር" አለችኝ። "አዳራሹ ኮርኒስ ስላለው ይሰማ ነበር።"

ሳቅሁ። የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

የእኛ ክፍል ያኔ ኮርኒስ አልነበረውም። ከራሳችን በላይ ቆርቆሮው ራቁቱን ነበር። ጅማ ደግሞ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ብቻ መስሏችሁ እንዳትሸወዱ፤ መጋቢት ላይ ይጀምራል፣ መስከረምንም አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ከዓመቱ ግማሽ በላይ ከሰዓት በኋላ ሥራችን የሚሠራው በጩኸት ነበር። በኦሮምኛም በአማርኛም እንጮህ ነበር።

እና አንድ ደብተር ገዛሁ። የገጹን አንድ ጎን "ዝናብ" እና "ፀሐይ" ብዬ ከፈልኩት። በሌላው ጎን ባለጉዳዩ ምን እንደጠየቀ፣ ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ፣ ምን እንዳዘገየው እጽፋለሁ። የአስተያየት መስጫ ሳጥኑን ቁልፍ ፈለግን፤ የለም። ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ሰው እንኳ የለም። ሰበርነው። ውስጡ ሁለት የካራሜላ ወረቀትና አንድ የሎተሪ ትኬት ነበር። ከዚያ ወዲህ በየማታው ራሴ እከፍተው ጀመር።

ከሚያዝያ እስከ ሰኔ 2016 እንዲህ ቆየሁ። ከዚህም አልፌ በሳምንት ሁለት ቀን መስኮቷ ጋ ራሴ ተቀመጥኩ። ከሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። ወንበሩ አጭር፣ ጠረጴዛው ረጅም ነው፤ እስከ አራት ሰዓት ትከሻዬ ደነዘዘ። በመስኮቷ የሚታየኝ የባለጉዳዩ ሆድና እጁ ብቻ ነው። ፊቱን ለማየት እሱ ጎንበስ ማለት አለበት። ፊቱን የማታየውን ሰው በትሕትና ማናገር ከባድ ነው፤ ያልሞከረው አያውቀውም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ዝናቡ ሲመጣ እኔው ራሴ አንዲት እናት ላይ ጮኽኩ። እኔ፣ የሥልጠናው አዘጋጅ።

ደብተሩን ከሳጥኑ ወረቀቶች ጋር ጎን ለጎን ሳነበው "ተቆጣችኝ"፣ "ጮኸብኝ"፣ "ናቀኝ" የሚሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም የዝናብ ቀን ናቸው። በፀሐይ ቀን የሚጻፈው ሌላ ነው፤ "ፋይሌ ጠፋ"።

ፋይል የሚጠፋበት ምክንያት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የመዝገብ ቤታችን ግማሽ በተሰበረ ወንበር፣ በሞተ ኮምፒውተርና በጎማ አልባ ሞተር ሳይክል ተይዟል። መደርደሪያዎቹ ከኋላ ናቸው፣ መድረሻ የለም። ስለዚህ አዲስ ፋይል መሬት ላይ ይከመራል። የታችኛው ረድፍ እርጥበት ጠጥቶ ሻግቷል፣ ገጾቹ ተጣብቀዋል። እዚያ የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ከአቧራው የተነሳ ዓመቱን ሙሉ ይስላሉ። የሕመም ፈቃድ መብዛቱን ስንፍና ነው የምንለው እኛ ነበርን።

"ታዲያ ቆሻሻውን ለምን አታወጡትም?" ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። የንብረት ክፍሉ ሰው በትዕግሥት አስረዳኝ። ወንበሩ እግር የለውም፤ ቁጥር ግን አለው። በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ በሞዴል 19 ገብቷል፣ በሰው ስም ተመዝግቧል። ማንም ሰው አንሥቶ ቢጥለው ነገ ከደመወዙ ይቆረጣል። በሥርዓቱ እንዲወገድ ደግሞ ዝርዝር ይጻፋል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ግምት ይወጣል፣ ይጸድቃል፣ ከዚያ ጨረታ። ኮሚቴው ውስጥ መግባት የሚፈልግ የለም፣ ምክንያቱም ጥቅም የለውም፣ ተጠያቂነት ግን አለው። ስለዚህ ፈቃደኛ ሆኜ ገባሁበት። አራት ወር ፈጀ። በሥራ ዘመኔ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ይኸው የወንበር ጨረታ ነው ብል አታምኑኝም።

ቦታው ሲለቀቅ መደርደሪያዎቹ ታዩ። ፋይሎቹን ከመሬት አነሣን፣ በቀበሌና በቁጥር ደረደርን። ያኔ ነው ሌላው ማነቆ የታየው።

ጅማ የድሮ የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የተከፈቱ ፋይሎች ዛሬም እኛ ጋ አሉ። በእጅ ጽሑፍ አማርኛ ናቸው፤ አንዳንዱ ላይ ቀኑ በግእዝ ቁጥር ነው። ከ1984 ወዲህ ሥራው በኦሮምኛ፣ በቁቤ ነው። ወጣቶቹ ሠራተኞቻችን በቁቤ ተምረው ያደጉ ናቸው። አማርኛ እንደ ውኃ ይናገራሉ፤ ያንን የተጠላለፈ የድሮ ጸሐፊ እጅ ግን ማንበብ ይቸግራቸዋል። ፳፫ን አይቶ "ይህ ምንድን ነው፣ ፊርማ ነው?" ያለኝ ልጅ አለ። አልፈርድበትም።

ስለዚህ የውርስና የክርክር ጉዳይ በመጣ ቁጥር ፋይሉ አንድ ሰው ጋ ይሄዳል። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። እሳቸው ከታመሙ ወይም ለቅሶ ከሄዱ የግማሽ ከተማው የድሮ ጉዳይ ይቆማል። ባለጉዳዩ "ነገ ተመለስ" ይባላል። እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ቃል የሚገባው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ግን ደቂቃ ይቆጥራል።

ሁለት ልጆች አጠገባቸው አስቀመጥኩ። ሥልጠና አላልነውም፤ "ከጋሼ ጋር ቡና ጠጡ" ነው ያልናቸው። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን አንድ ወረቀት ላይ የግእዝ ቁጥሮቹን ከነትርጉማቸው ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ የድሮ ፋይል እየከፈቱ ታሪኩን ማውራት ጀመሩ፤ የማን ቤት እንደነበር፣ ማን ከማን ጋር ተካሶ እንደነበር። ጧት ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ሆኑ። ከዚያ በፊት አርፍደው ነበር የሚመጡት።

ኸርዝበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ነበር። በፒትስበርግ አካባቢ ሁለት መቶ ያህል መሐንዲሶችንና የሂሳብ ሠራተኞችን ጠይቆ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 አንድ ሐሳብ አወጣ። ደመወዝና የሥራ ቦታ ሁኔታ ሲጎድሉ ሰውን ያስመርራሉ፣ ቢሟሉ ግን ምሬቱን ያስቀራሉ እንጂ ሰውን ለሥራ አያነሣሡም ይላል። የሚያነሣሣው ሥራው ራሱና የሚሰጠው ክብር ነው። በከፊል እስማማለሁ። ኮርኒሱ በኋላ ሲሠራ ሥራውን በአንድ ጊዜ የወደደ ሰው አላየሁም፤ ጩኸቱ ብቻ ቆመ። ጋሼን ከአልጋ ያስነሣቸው ግን ኮርኒስ አልነበረም። በደመወዙ ነገር ላይ ብቻ እጠራጠራለሁ። መስከረም 2018 ላይ የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ሲል ቢሯችን ውስጥ የነበረው ደስታ "ምሬት መቅረት" ብቻ አልመሰለኝም። የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ኸርዝበርግን ያርመዋል።

ያልጠበቅሁት ነገር ሽንት ቤት ነው። ከምሳ በኋላ ሴት ሠራተኞች ያረፍዳሉ እየተባለ ሁልጊዜ ይከሰሳሉ። አንዷን ለብቻዋ ጠየቅኋት። አፍራ ቆየችና ነገረችኝ። ከግቢው ጀርባ ያለው ሽንት ቤት አይዘጋም፣ ውኃ የለውም፣ ባለጉዳዩም ሁሉ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ከ2:30 እስከ 6:30 ውኃ አትጠጣም። ምሳ ሰዓት ላይ ባጃጅ ይዛ ቤቷ ትሄዳለች፤ 7:30 ላይ ሳትደርስ ትቀራለች። በብዙ ስብሰባ ላይ የገመገምናት በዚህ ነው። መፍትሔው አንድ መቀርቀሪያ፣ አንድ በርሜልና ከሠራተኛ ጋር የሚቀመጥ አንድ ቁልፍ ነበር። በሁለት ቀን አለቀ። ስንት ዓመት ሙሉ ማንም አለመጠየቁ ያሳፍረኛል፤ እኔንም ጨምሮ።

ወደ ኮርኒሱ ልመለስ። ጥያቄ የጻፍነው ጣሪያው ሲያፈስ፣ ሐምሌ ላይ ነበር። ሁሉም መሥሪያ ቤት እንዲሁ ያደርጋል። ችግሩ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቷል፣ አዲሱ ገና አልተለቀቀም። ገንዘቡ ሲለቀቅ ዝናቡ አባርቷል፣ ፀሐይ ላይ ስለ ዝናብ የሚሰማህ የለም። በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ትጽፋለህ። እኔ ያደረግሁት ቀላል ነው። ሐምሌ 2015 ላይ በስልኬ የቀዳሁትን የጣሪያ ድምፅና የራሰ ፋይል ፎቶ አስቀመጥኩ። ክረምቱ ሳይገባ፣ የ2017 የበጀት ጥያቄ ሲዘጋጅ ከደብተሩ ጋር አቀረብኩ። ስብሰባው ላይ ድምፁን ስከፍተው ኃላፊው "ድምፁን ቀንሰው እንጂ፣ አንሰማማም" አሉ። "ጌታዬ፣ እኛም አንሰማማም" አልኩ። ኅዳር 2017 ላይ የቺፑድ ኮርኒሱ ተመታ። መስኮቷም በዚያው ከፍ አለች።

ሁሉም ግን አልተሳካም። ወረፋው እንዲቀንስ ብዬ ቁጥር ማደል ጀምሬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቁጥሩን ንጋት ላይ መጥተው የሚወስዱት ጉዳይ አስፈጻሚዎች ሆኑ፤ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ገበሬ ከእነሱ መግዛት ጀመረ። ተውኩት። ግልጽነት ይኑር ብዬ የክፍሉን በር ደግሞ አስነቀልኩ። ሠራተኞቹ ምሳቸውን እንኳ የሚቋጥሩበት ጥግ አጡ፣ ባለጉዳይ ከጠረጴዛቸው ጀርባ ቆሞ የሰው ፋይል ማንበብ ጀመረ። በሩን መለስኩ። በሁለቱም ነገር ያጠፋሁት አንድ ነው፤ እዚያ የሚውሉትን ሳልጠይቅ ነው ያደረግሁት። ስለ ሽንት ቤቱ ስጠይቅ ተሳካልኝ፣ ስለ በሩ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ይህን ለመሞከር ለሚያስብ የሌላ መሥሪያ ቤት ሰው የምመክረው፣ ከደብተሩ በፊት ወንበሩ ላይ ተቀመጥ። አንድ ቀን አይበቃም፤ የመጀመሪያው ቀን ላይ ሁሉም ላንተ ይጠነቀቃል። ሦስተኛው ቀን ላይ ትረሳለህ፣ ያኔ ነው እውነቱ የሚመጣው።

ነሐሴ 2017፣ ከሰዓት። ዝናቡ እንደ ልማዱ መጣ። ከኋላ ጠረጴዛ ሆኜ እሰማለሁ። ሌላ ሽማግሌ ናቸው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

"ልጄ፣ ፋይሉስ ቶሎ ተገኘ። ፈራሚው የት አሉ?"

"ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሀጂ።"

"ትናንትም ስብሰባ ላይ ነበሩ።"

"አዎ፣ ሀጂ" አለች በዝግታ። "ዛሬም ያው ናቸው።"