የሚበትን አሮጌ ማውዘር እንዴት እንዳስተካከልኩት

ጠመንጃ ዒላማ ሲስት አስቀድሞ የሚጣራው፣ ጥይቱ ይበተናል ወይስ ተሰብስቦ ወደ አንድ ወገን ያፈነግጣል የሚለው ነው። የሚያፈነግጥ ከሆነ ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ይበቃል። የሚበትን ከሆነ ግን ማነጣጠሪያውን መነካካት ጥይት ማባከን ነው። ከአያት የወረደው፣ በፈቃድ የተያዘው የቤልጂግ ማውዘር (7.92 ሚሊ ሜትር) በ50 ሜትር ይበትን ስለነበር ከቱቦው ጀመርኩ።

ካዝናውም የጥይት ማደሪያውም ባዶ መሆኑን በዓይንና በጣት አረጋግጬ መዝጊያውን አወጣሁ። የድሮ ጥይት ማቀጣጠያ ቱቦው ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፤ እንደ ሐዋሳ ባለ የሐይቅ ዳር አየር ዝገቱ ይፈጥናል። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ የሚያጥበው የፈላ ውሃ ነው። ከኋላ በማንቆርቆሪያ አንድ ሊትር ያህል አፍስሼ በጨርቅ አደረቅሁት። ቀጥሎ አሞንያ ያለበት፣ አረሩ ቱቦው ላይ የተወውን መዳብ የሚያስለቅቅ ፈሳሽ ቀብቼ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆየሁ። ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ መዳብ አለ ማለት ነው፤ ነጭ እስኪወጣ ይደገማል። ፈሳሹን ቱቦው ውስጥ ማሳደር ብረቱን ይበላል።

መወልወያው ዘንግ ሁልጊዜ ከኋላ ይግባ። ለዓመታት በአፈሙዙ በኩል የገባ የብረት ዘንግ የአፈሙዙን ጠርዝ ወደ አንድ ጎን ይበላዋል፤ ጋዙም አረሩን ከአንድ ወገን እየገፋ ያጣምመዋል። ጠርዙን ያስተካከልኩት ጭንቅላቱ ድቡልቡል በሆነ የነሐስ ብሎንና ጋራዥ ውስጥ ቫልቭ በሚሞረድበት ቅባት ነው፤ ቱቦውን በጨርቅ ወትፌ፣ ብሎኑን በእጅ መሰርሰሪያ ቀስ ብዬ እያዞርኩና አቅጣጫውን እየቀያየርኩ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከእንጨቱ ነው። ዘይት የጠጣ አሮጌ እንጨት ይለሰልሳል፤ ሁለቱ ዋና ብሎኖች ጠብቀው ቢታዩም ብረቱ ውስጥ ውስጡን ይነቃነቃል። ለመለየት አንድ ጣት ቱቦውና እንጨቱ የሚገናኙበት ላይ አድርጎ የፊተኛውን ብሎን ማላላት ነው፤ ቱቦው ከፍ ሲል ከተሰማ አቀማመጡ ተበላሽቷል። ግፊቱን የሚቀበለው የብረት ጉጥ ከኋላው የሚደገፍበትን እንጨት በስሱ ጠርቤ በኤፖክሲ ማጣበቂያ ሞላሁት። ብረቱንና የብሎኖቹን ጥርስ አስቀድሞ በሰም መቀባት ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ከ24 ሰዓት በኋላ መጀመሪያ የፊተኛውን፣ ከዚያ የኋለኛውን ብሎን አጠበቅሁ። የኋለኛው ብሎን የሚያልፍበት አጭር የብረት ቀለበት ከጠፋ እንጨቱ እየተጨፈለቀ ስለሚሄድ ማስቀረጽ ያስፈልጋል። ክረምት ላይ እንጨት ስለሚያብጥ ቱቦውን መግፋት አለመግፋቱን በየወቅቱ ማየት ይገባል።

የቃታውን መያዣ ጥርስ አልሞረድኩም፤ ማንም ቤቱ ሊሞርደው አይገባም። ከተሞረደ ጠመንጃው በወደቀ ቁጥር ሊተኩስ ይችላል። የመዝጊያው ጉጦች ከተሰነጠቁ ደግሞ ባለሙያ ሳያየው አይተኮስም።

ማነጣጠሪያው የመጨረሻው ነው። በተፈቀደ ቦታ፣ በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ፣ አንድ ዓይነት ጥይት፣ ቱቦው እየቀዘቀዘ አምስት አምስት መተኮስ። ፊተኛው ማነጣጠሪያ ጥይቱ ወደሄደበት ወገን ይገፋል፤ ወደ ግራ ከመታ ወደ ግራ። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል 500 ሚሊ ሜትር ካለ፣ በ50 ሜትር የ10 ሴንቲ ሜትር ስህተት 1 ሚሊ ሜትር መግፋት ይፈልጋል። ዝቅ ብሎ ከመታ የፊተኛው ጫፍ በጥቂት በጥቂቱ ይሞረዳል፤ ከፍ ብሎ ለሚመታ ግን ረዘም ያለ ጫፍ መተካት እንጂ ሞረድ አይጠቅምም።