ቅቤ አትቀቡት፦ ስለ አሮጌ የእንጨት አሻንጉሊትና የሥራ ዕቃ አያያዝ

አሮጌ ሞፈር ወይም ከእንጨት የተቀረጸ አሻንጉሊት ከገጠር ወጥቶ ከተማ ሲገባ መጀመሪያ የሚጎዳው ጽዳት ነው። አንዱ በሳሙና ያጥበዋል፣ አንዱ ቅቤ ይቀባዋል፣ ሌላው «እንዲያምር» ብሎ ቨርኒሽ ያለብሰዋል። ነቀዝ ለዓመታት ያላደረሰውን ጉዳት ባለቤቱ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ጎንደር ውስጥ በቤታችሁም ሆነ በትምህርት ቤት የድሮ ዕቃ የምትሰበስቡ ከሆነ የሚከተለው ይጠቅማችኋል።

አብዛኛው የምግብ ዘይት እንጨት ላይ በደንብ አይደርቅም። ሲሰነብት ይከረፋል፣ አቧራም ይይዛል። ቅቤ ደግሞ አይጥና በረሮ ይጠራል። የተልባ ዘይት ይደርቃል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ጠቁሮ እንደ ሙጫ ይጠነክርና በኋላ ላላቅቅህ ቢሉት ከእንጨቱ ጋር ካልሆነ አይለቅም።

መጥፋት የሌለበት ሁለት ነገር አለ፤ ጥቀርሻና ወዝ። ከምድጃ በላይ ጣሪያ ሥር ተሰክቶ የኖረ ዕቃ በጭስ ይጠቁራል፤ ጥቀርሻው የት እንደኖረ ይናገራል። ወዙ ደግሞ እጅ የት የት እንዳረፈ ያሳያል። እርፍ ላይ መጨበጫው ያብረቀርቃል፣ ታችኛው ክፍል ግን ሸካራ ነው። ልጅ የተጫወተበት አሻንጉሊትም ወገቡና ጭንቅላቱ ይለሰልሳል፣ ብብቱና የአንገቱ ሥር ደብዘዝ ብሎ ይቀራል። ለገበያ ሲባል «ያረጀ» ዕቃ ግን ከስንጥቁ እስከ ጉብታው አንድ ዓይነት ጥቁር ነው፤ ብዙ ጊዜ የጫማ ቀለም ነው። በነጭ ጥጥ ቀስ ብላችሁ እሹት፤ ቀለም ከለቀቀና የጫማ ቀለም ከሸተተ ነገሩ አልቋል። ሚስማር ግን ብዙም አትመኑ። ክብ ግንድና ጠፍጣፋ ራስ ያለው የፋብሪካ ነው፤ ማዕዘን ያለው ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው፤ ብረት ቀጥቃጮች ግን ዛሬም ስለሚሠሩ ማዕዘን ያለው ሁሉ ጥንታዊ አይደለም።

አቧራውን ለማንሳት ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ይበቃል። በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ ጥረጉ፤ ተሻግራችሁ ከጠረጋችሁ የተሰነጠረውን ታነሱታላችሁ። የቫኪዩም አፍ ላይ ሻሽ አስራችሁ አጠገብ ብትይዙት አቧራው ተመልሶ አያርፍም፤ የተላቀቀ ስንጣሪም ሻሹ ላይ ይቀራል። የተጣበቀ ቆሻሻ ካለ በጥጥ ላይ ምራቅ እንትፍ ብላችሁ ሞክሩት። የሚያስቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ምራቅ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ቆሻሻን ስለሚያላቅቅ የሙዚየም ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል። መጀመሪያ ግን ከዓይን በተሰወረ ቦታ ሞክሩ፤ ቀለም ካነሳ ተዉት።

አሁን ወደ አሻንጉሊቱ። የጎንደር አካባቢ በምስል ሥራ ስሙ የሚጠራው በሸክላ ነው፤ በደባርቅ መንገድ ያለችው ወለቃ በዚህ ትታወቃለች። የተተኮሰ ሸክላ ወቅት ሲለዋወጥ አይነቃነቅም፤ ጠላቱ መውደቅ ነው። እንጨት ግን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሸበሸባል። የሚሸበሸበውም በቁመቱ ሳይሆን በስፋቱ ነው። አሻንጉሊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሙሉ ቅርንጫፍ ስለሚቀረጽ የቅርንጫፉ ልብ በመካከሉ ይቀራል። እንጨቱ ሲደርቅ ዙሪያው ከውስጡ ይበልጥ ይሸበሸባል፤ ስለዚህ ከልቡ እስከ ቆዳው ድረስ፣ ወደ ውጭ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ይከፈታል። ፊቱን ለሁለት የሚከፍል ስንጥቅ ብታዩ አትደንግጡ። ውስጡ ጠቁሮ ቆሻሻ ከያዘ ድሮውኑ የነበረ ነው። ውስጡ ነጣ ያለና ንጹሕ ከሆነ ግን አዲስ ነው፤ ዕቃው ከፀሐይ ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት ይራቅ።

ስንጥቁን በኮላና በሰጋቱራ መሙላት ትልቁ ስሕተት ነው። በሚያዝያ የሞላችሁት ስንጥቅ ሐምሌ ላይ እንጨቱ ሲያብጥ መዝጊያ ቦታ ያጣል፤ ግፊቱ ሌላ ቦታ ይፈነዳል፣ ወይም ከኮላው ጎን ያለው እንጨት ይደቅቃል። ክፍት ይቆይ።

ልብሱንም አታውልቁ። የአሻንጉሊት ቀሚስ ብዙ ጊዜ ገላው ላይ እንዳለ የተሰፋ ነው፤ ካወጣችሁት ስፌቱ ይጠፋል። ክንዱ በክር ወይም በጠፍር የታሰረ ከሆነ በክንዱ አታንሱት፤ አንድ እጅ ከወገቡ ሥር፣ አንዱ ከጀርባው።

ስለ ነቀዝ። ቀዳዳ ሁሉ ነቀዝ አለ ማለት አይደለም። የቀዳዳው አፍ ጥቁር ከሆነና ዱቄት ካልወጣ ነቀዙ ሄዷል። አፉ ነጣ ብሎ ቀጭን ዱቄት ከሥሩ ከተገኘ አሁንም እየበላ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ዕቃውን ጥቁር ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ አንድ ወር ጠብቁ፤ ዱቄቱ ጥቁር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሚበላውም በአብዛኛው ነጣ ያለውን የውጭ እንጨት ነው፤ የጽድ ወይም የወይራ ጠቆር ያለ ልብ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

መድኃኒቱ ብርድ ነው። ዕቃውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ አየሩን ጨምቃችሁ፣ አፉን በፕላስተር ዝጉና በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ሲወጣ ላስቲኩን ወዲያው አትፍቱ፤ 24 ሰዓት ጠብቁ፣ አለዚያ ላቡ እንጨቱ ላይ ያርፋል። የእኛ አገር ችግር መብራት ነው። መሐል ላይ ጠፍቶ ከቀለጠ ሁለቱ ሳምንት እንደ አዲስ ይቆጠራል። ቀለም የተቀባ ወይም ቆዳ የተወጠረበት ዕቃ ግን ያለ ባለሙያ ፍሪዘር አይግባ። ላምባ መርጨት አይሆንም፤ ያወዛል፣ ይሸታል፣ እሳትም ይስባል። ከድሮ ጎተራ ወይም ዲዲቲ ከተረጨ ቤት የመጣ ዕቃ ላይ ነጭ ብናኝ ካያችሁ ጓንት አድርጉ፤ ልጆች አይንኩት።

ማረሻው ላይ ያለውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አትፋቁ፤ የቀጥቃጩ መዶሻ ምልክት አብሮ ይሄዳል። በጎንደር ዙሪያ ማረሻና ማጭድ በመሥራት የታወቁት ቤተ እስራኤል ስለነበሩ ያ ምልክት ከብረቱ ይበልጣል። ብረቱ ደረቅ ቦታ ካገኘ ዝገቱ ይቆማል። ምራኑ (ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር) ደርቆ ከጠነከረ ለማጠፍ አትሞክሩ፣ እንደታጠፈ ይቀመጥ።

ሞፈር ሲቀመጥ ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ አይረፍ፤ መሐሉ ይጎብጣል። ከእያንዳንዱ ጫፍ ሩብ ያህል ገባ ብሎ ይደገፍ። መደርደሪያው ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ግድግዳውንም አይንካ፤ ምስጥ ሲወጣ ታዩታላችሁ። ንጣፉ የታጠበ ነጭ አቡጀዲ ይሁን፤ ጋዜጣ አሲድና ቀለም አለው።

መዝገብ ላይ «የእርሻ ዕቃ 1» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። በ2017 ዓ.ም. የገባ 14ኛ ዕቃ 2017.14 ይባል፤ ክፍሎቹም 2017.14ሀ ማረሻ፣ ለ ሞፈር፣ ሐ እርፍ፣ መ ቀኙ ድግር፣ ሠ ግራው ድግር፣ ረ ወገል፣ ሰ ቀንበር ከነማነቆው እየተባሉ ይለያዩ። ሸማኔ ዕቃ ከሆነ መወርወሪያውና ክር የሚጠመጠምበት ቀሰም ተለያይተው ይመዝገቡ፤ ቀሰም ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይጠፋል። ሰጪው ዕቃውን በምን ስም እንደጠራው እንደወረደ ጻፉ፤ ስሙ ከደምብያ እስከ ወገራ ሊለያይ ይችላልና አታርሙት። ቁጥሩን በማርከር እንጨቱ ላይ አትጻፉ። በጥጥ ክር የታሰረ ወረቀት ይበቃል፤ አሻንጉሊት ከሆነ ክሩ ወገቡ ላይ ላላ ብሎ ይታሰር፣ አንገቱ ላይ አይደለም።

በመጨረሻም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው እንዲያስመዘግብ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም ክልክል ነው። ወደ ቅርስ ቢሮ ስትሄዱ መዝገቡንና ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ፎቶው ላይ ማስመሪያ ከዕቃው ጎን ይታይ።