«አስወረዳት» እና «አስወረደች»

በአማርኛ «አስወረዳት» ስንል ሴትዮዋ ሳትፈልግ ጽንሱ ጨነገፈባት ማለታችን ነው። «አስወረደች» ካልን ደግሞ ፈልጋ አቋረጠችው። ማንም ሰው ሁለቱን አያምታታም። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ሁለቱም «ውርጃ» ይባሉና ቁጭ። የእኔም ጣጣ የጀመረው ከዚህች ቃል ነው።

በ11ኛው ሳምንት ጨነገፈብኝ። ደሙ አልቆም ስላለ ማህፀኔ መጠረግ ነበረበት። ደሜ ኔጌቲቭ ስለሆነ ለሚቀጥለው እርግዝና እንዳያስቸግር የሚሰጠውን መርፌም ተወጋሁ። ደረሰኞቹን ሰብስቤ ለኢንሹራንስ አስገባሁ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «ውርጃ አይሸፈንም»።

አለቀስኩ፣ ከዚያ ውሌን አውጥቼ አነበብኩ (ስፈርም መነበብ የነበረበት ውል ነው፣ ግን ማን ያነባል)። የማይሸፈነው «በፍላጎት የሚደረግ ውርጃ» ነው የሚለው። ሐኪሙ ጋ ተመልሼ «ጽንሱ በራሱ ጨንግፎ፣ ደም በመፍሰሱ በድንገተኛ የታከመች» ብሎ እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁት፣ ሳምንቱንና የአልትራሳውንድ ውጤቱንም ጨምሮ። ያንን ይዤ ቅሬታ በጽሑፍ አስገባሁ፣ ተከፈለኝ። በስልክ ብቻ ብከራከር ኖሮ እስካሁን «እናጣራለን» እየተባልኩ ነበር። ሌላም አለ፦ ብዙ ውሎች የወሊድ ሽፋን የሚጀምሩት ወራት ጠብቀው ነው። ስለዚህ ሕክምናው በወሊድ ሥር ነው ወይስ በድንገተኛ የተመዘገበው ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱ ገንዘቡን ይወስነዋል።

ሥራ ቦታ የባሰ ነበር። ማርገዜን ማንም አያውቅም፣ ስለዚህ ማርገዜንም ማጣቴንም በአንድ ትንፋሽ መናገር ነበረብኝ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፣ «የዓመት ፈቃድሽን ውሰጂ» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ሞኝነት! የሕመም ፈቃድ ነበረኝ እኮ።

ከዚያ ወዲህ ሌላው ዓለም ምን ያደርጋል ብዬ ሳነብ ነው የምውለው። ሕንድ ከ1961 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ላስወረዳት ሠራተኛ ስድስት ሳምንት ከነደመወዟ ትሰጣለች። ፊሊፒንስ በ2019 ባወጣችው ሕግ 60 ቀን። ኒውዚላንድ በ2021 ሦስት ቀን የሐዘን ፈቃድ ፈቀደች፣ ለባልም ጭምር። እንግሊዝ ውስጥ ከ24 ሳምንት በኋላ ልጁ ሞቶ ከተወለደ እናቲቱ ሙሉ የወሊድ ፈቃዷን ታገኛለች፣ በ23ኛው ከሆነ ግን ያ ፈቃድ የላትም። በአንድ ሳምንት ልዩነት! ስለዚህ ሳምንቱ በትክክል ይጻፍላችሁ።

ደግሞ ሁለት ወረቀት አስጽፉ። ለኢንሹራንስ ዝርዝሩ ያስፈልገዋል። ለመሥሪያ ቤት ግን «ይህን ያህል ቀን እረፍት ያስፈልጋታል» የሚል ከተቀበሉ በቂ ነው። እኔ አንዱን ወረቀት ለሁለቱም ሰጠሁ። በሳምንቱ ስመለስ ሂሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ኮሪደር ላይ አቅፋኝ «አይዞሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» አለችኝ። ለእሷ ምንም አልነገርኳትም ነበር።