«በዚህ ዕድሜ ማን ይደሰታል?»

አባባ የዳሌ ስብራት ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነው ወደ ክፍላችን የመጡት። ቁስሉ ድኗል። ፊዚዮቴራፒ ላይ ከወንበር ራሳቸው ይነሳሉ፣ በዎከር ኮሪደሩን ይጨርሳሉ። አልጋቸው ጋ ሲመለሱ ግን አይታጠቡም፣ አይለብሱም፣ ማንኪያም አያነሱም። ቻርታቸው ላይ «አይተባበሩም» ተብሎ ተጽፏል።

ሰው የዕለት ተዕለት ነገሩን ራሱ ማድረጉን የምንመዘግብበት፣ በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው የካትዝ መለኪያ 6 ነገር ያያል፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ መነሳት፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር፣ መመገብ። አቅም ያጣ ሰውና ፍላጎት ያጣ ሰው እዚያ ላይ እኩል ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ።

ራውንድ ላይ «ዶክተር፣ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ይታይልኝ» አልኩ።

ሲኒየሩ ከቻርቱ ቀና ሳይሉ፣ «ሲስተር፣ በዚህ ዕድሜ ማን ይደሰታል?» አሉ። ወደ ቀጣዩ አልጋ ታለፈ። አባባ ነቅተው ነበር። ሰምተዋል። እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ድብርት የእርጅና ዕጣ አይደለም፤ አብዛኞቹ አረጋውያን የለባቸውም።

ከሰዓት የአረጋውያን ድብርት መለኪያውን 15 ጥያቄዎች ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ይከፋዎታል እንዴ?»

«ኧረ፣ ምንም አልከፋኝም።»

«ድሮ ያዘወትሯቸው የነበሩትን ነገሮች ትተዋል?»

ዝም አሉ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ በጣታቸው እያሻሹ ቆዩ። ጣታቸው ደህና ነው፤ መቆለፍ አያቅታቸውም።

«ለማን ብዬ፣ ልጄ?» አሉ።

አረጋዊ ሲደበር ብዙ ጊዜ አያለቅስም። ይተዋል። መብላት ይተዋል፣ መላጨት ይተዋል፣ ስልክ ማንሳት ይተዋል። የተወውን ሌላ ሰው ሲሠራለት ጡንቻው ይደክማል፤ ያኔ የምር ያቅተዋል። እያቃተው ሲሄድ ደግሞ ድብርቱ ይብስበታል።

ነጥባቸው ከ5 በላይ ወጣ፤ ድብርት ሊኖር እንደሚችል የሚጠቁም ነጥብ ነው። ውጤቱን ይዤ ተመለስኩ፣ አልለቀቅኩም። ታይሮይድና ቫይታሚን ቢ12 ተመረመረ፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ታዩ፣ ከዚያ ሕክምናው ተጀመረ። የድብርት መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈልጋል። እስከዚያ «ሸሚዛቸውን ሙሉ በሙሉ አትቆልፉላቸው» ብዬ ረዳቶቹን ለመንኩ። ጊዜ ይፈጃል ብለው አጉረመረሙ። እውነታቸውን ነው፣ ይፈጃል። አባባ መጀመሪያ የታችኛዎቹን ሁለት ቁልፎች ብቻ ራሳቸው ቆለፉ። እያደር ሁሉንም።

አባባ ከሆስፒታል ሲወጡ ሲኒየሩ «ፊዚዮቴራፒው ረድቷቸዋል» ብለው ጻፉ። ፊዚዮቴራፒውማ ከመጀመሪያውም ይረዳቸው ነበር።

የካትዝ መለኪያ የምንሞላበት ፎርም «ይችላሉ ወይ?» እና «ያደርጋሉ ወይ?» ብሎ ለየብቻ እንዲጠይቅ አመለከትኩ። እስካሁን ምላሽ የለም። እኔ ግን ቀጣዩ ተረኛ እንዲያየው ሁለቱንም ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ።