ማኅተም አለው ወይ?

«ሥራው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ማኅተም ግን የለውም» ያሉኝ ሰውዬ ትዝ ባሉኝ ቁጥር አንዴ እስቃለሁ፣ አንዴ ደሜ ይፈላል። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም። የሚያውቅ ያውቀዋል።

ደሴ ውስጥ የጽሕፈት፣ የኮፒና የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለኝ። ማታ ማታ፣ መብራት ካለ፣ ኮድ የሚወዱ ተማሪዎች ይመጣሉ። ኦፕን ሶርስ በሚባል፣ ማለትም ኮዱን ማንም አይቶ ሊያሻሽለው በሚችል የኅትመት ሶፍትዌር ላይ እንዲሳተፉ አግዛቸዋለሁ። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ለምን ፕሪንተር?» ብለው ነው። የሞባይል አፕ መሥራት ነው የሚያምራቸው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከፕሪንተር ጋር ስጣላ የምውል ሰው ነኝ፤ ሌላ ምን ላስተምር? በዚያ ላይ የነጻ ሶፍትዌር ነገር ራሱ አንዱ መነሻው የፕሪንተር ንዴት ነው። በፈረንጆቹ 1980 አካባቢ ኋላ የነጻ ሶፍትዌርን እንቅስቃሴ የጀመረው ሪቻርድ ስታልማን፣ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ የነበረው የዜሮክስ ፕሪንተር ወረቀት እየያዘ ቢያስቸግረው፣ ኮዱን ስጡኝና ላስተካክለው አለ። ከለከሉት። ይህቺን ሳወራላቸው ልጆቹ ቶሎ ይገባቸዋል። ወረቀት የያዘ ፕሪንተር ፊት ቆሞ ያልተራገመ ማን አለ?

ከእነሱ መሃል አንዷ ከኮምቦልቻ ሐረጎን እየወጣች የምትመጣ ልጅ ነበረች። ዝምተኛ ናት፤ ከያዘች ግን አትለቅም። የያዘችው ነገር ደግሞ የእኔን ቤት የዕለት በሽታ ነው። ሊኑክስን (እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ ግን ነጻ የሆነ ሥርዓት ነው) ከጫንኩበት ላፕቶፕ ወደ አንድ አሮጌ ፕሪንተር ሲታዘዝ፣ ሾፌሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ሳይጠየቅ የወረቀቱን መጠን ሌተር ያደርገዋል። ሌተር የአሜሪካኖቹ ወረቀት፣ 216 በ279 ሚሊሜትር ነው፤ የእኛው ኤፎር 210 በ297። እኛ ጋ ሌተር የሚባል ወረቀት ማን ይሸጣል? ፕሪንተሩ ግን የሌለ ወረቀት አምጡ ብሎ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ይቆማል። ቁልፉን ተጭነህ ካላስገደድከው አያትምም። ካተመም ከላይ ወይም ከታች ይቆርጣል።

ልጅቷ ኮዱን ቆፍራ ቆፍራ ቦታውን አገኘችው። የኮምፒውተሩ አገር አሜሪካ ካልሆነ ኤፎር ይሁን የሚል ማስተካከያ ጽፋ ሶፍትዌሩን ለሚንከባከቡት ሰዎች ላከች። ከገምጋሚው የመጣው መልስ አጭር ነበር። «አገሩን አትገምቺ፤ ፕሪንተሩን ጠይቂው» ይላል። ሰላምታ የለ፣ ምስጋና የለ።

ልጅቷ ፊቷ ልውጥ አለ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ሰውዬው ሰድቦኛል» አለችኝ።

«አብሽሪ። ይሄ በእነሱ ቤት ግቢና ቡና ጠጪ እንደማለት ነው።»

«ስሜን እንኳን አልጠራም እኮ!»

«ኮድሽን አንብቦታል። ስምሽን ጠርቶ ኮድሽን ሳያነብ ቢቀር ይሻልሽ ነበር?»

አልመለሰችልኝም። ሰውዬው ግን እውነቱን ነበር። በአይፒፒ፣ ኮምፒውተርና ፕሪንተር በሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ ፕሪንተሩን «አሁን የገባልህ ወረቀት ምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ አዲሶቹ ፕሪንተሮች ይመልሳሉ። አሮጌው ዲዳ ከሆነ ደግሞ የኮምፒውተሩን ቅንብር መያዝ ነው። እሷም እንዲያ አድርጋ እንደገና ጻፈችው። ከጥቂት ምልልስ በኋላ ተቀበሉት። ያን ቀን ሱቁን ዘግቼ ቡና አስፈላሁ። ስሟ ማን ምን እንደለወጠ በሚመዘገብበት የኮዱ ታሪክ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል። ዓለም ሁሉ ሊያየው ይችላል።

ዓለም ሁሉ ይችላል፤ ያ ቢሮ ግን አልቻለም።

ልጅቷ የኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) ማስረጃ ማቅረብ ነበረባት። ከዚህ የተሻለ ምን ማስረጃ አለ ብዬ አብሬያት ሄድኩ። ሰውዬው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አትመን የያዝነውን ወረቀት አዩት።

«ይሄ ምንድነው?»

«የሠራችው ሥራ ነው። ስሟ ይኸው፣ ቀኑ ይኸው፣ የገመገመው ሰው ይኸው።»

«ማን ፈረመበት?»

«ፊርማ የለውም። ግን ማንም ሰው ገብቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። አሁኑኑ ላሳይዎት?»

«ድርጅቱ የት ነው የሚገኘው?»

እዚህ ላይ ነገር አበዛሁ። ልጅቷ የተሳተፈችበትን የኅትመት ሶፍትዌር፣ ካፕስን፣ ማይክል ስዊት የሚባል ሰው እንደጀመረው፣ በፈረንጆቹ 1999 እንደወጣ፣ በ2007 አፕል እንደገዛው፣ ሊኑክስም ማክም በእሱ እንደሚያትሙ፣ ዛሬ ኦፕንፕሪንቲንግ የሚባሉ ሰዎች በየአገሩ ተቀምጠው እንደሚንከባከቡት ዘረዘርኩ። ሰውዬው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«አፕል ነው የገዛው አሉ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አፕል ይጻፍላታ!»

ምን ይባላል? አፌን ይዤ ቀረሁ።

ይህን ስንነጋገር ከኋላቸው ያለው ፕሪንተር ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ሰውዬው ዞር እንኳን ሳይሉ እጃቸውን ልከው ቁልፉን ተጫኑት። ወረቀቱ ወጣ፤ ከታች አንድ መስመር ጎድሎታል። ልጅቷ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። ዝም በይ ብዬ በዓይኔ ገሠጽኳት። እሳቸው ወረቀቱን አንስተው የጎደለውን መስመር በእስክሪብቶ ሞሉትና ወደኛ ተመለሱ። ብዙ ጊዜ የሠሩት ይመስላል፤ እጃቸው አልተደናገረም።

«እርስዎ ራስዎ የት ነው የሚሠሩት?»

«የኮፒና የጥገና ቤት አለኝ።»

«ንግድ ፈቃድ አለው?»

«አለው።»

«ማኅተምስ?»

«አለው።»

«ታዲያ ምን አደከመን ወንድሜ! እርስዎ ይጻፉላት።»

አለቀ። የዓለም ፕሪንተር የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች መስክረውላት ያልሆነው ነገር በእኔ ኮፒ ቤት ሐምራዊ ማኅተም ሆነ። የመገምገሚያ ቅጽም ሰጡኝ። «ሰዓት ማክበር» ይላል፤ መብራት በሚመጣበት ሰዓት ነበር የምትመጣው፣ ሙሉ ሰጠኋት። «ከሠራተኞች ጋር ያላት ግንኙነት» ይላል፤ ሠራተኞቹ እኔና ኮፒ የሚያደርገው ልጅ ነን፣ ሙሉ። «የድርጅቱን ንብረት አያያዝ» ለሚለው ትንሽ አሰብኩ፤ አንዴ ቶነር ደፍታብኛለች። እሱንም ሙሉ ሰጠኋት። ስለ ኮድ የሚጠይቅ መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም። ሰውዬውን ብዙ አልወቅስም፤ ቅጹን የጻፉት እሳቸው አይደሉም። አፕልን ግን እሳቸው ናቸው ያሉት።

ወሬው በተማሪዎቹ ዘንድ በአንድ ጊዜ ተዳረሰ። ዘንድሮ ማታ የሚመጡት በርክተዋል። ግማሾቹ ኮምፒውተሩን ሳያዩ ዓይናቸው መሳቢያው ላይ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ኮድ ልካችሁ መልስ ይምጣላችሁ፣ ማኅተም ከዚያ በኋላ ነው የሚል ሕግ አወጣሁ። ባለፈው አንዱ ልጅ መጥቶ ላፕቶፑን ከፍቶ ሊያሳየኝ ሲል፦

«ስክሪን አልፈልግም፤ አትመህ አምጣልኝ» አልኩት።

«ለምን ጋሼ? ይኸው እኮ ይታያል።»

«ፋይል አደርገዋለሁ።»